«ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» በስንት ብር?

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የበዴሳ ቡና አቅራቢ አሉ እንበል። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። በደላላ አማካይነት ለሌላ ነጋዴ ቡና በዱቤ ያስረክባሉ። ዋጋው 800 ሺህ ብር ነው። ቀኑ ያልፋል። ስልክ መነሳት ያቆማል። ሽማግሌ ይላካል፤ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ይባላል። በመጨረሻ ሐጂ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ወርደው ክስ ይመሠርታሉ። ይረታሉ። ባለዕዳው ይግባኝ ይላል፤ ሐጂ እዚያም ይረታሉ። ባለዕዳው አሁንም ሰበር ይሄዳል፤ ሐጂ ለሦስተኛ ጊዜ ይረታሉ። ጠበቃው ደውሎ፣ «ሐጂ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጸንቶልናል» ይላቸዋል።

«ያወጣሁትስ?» ይላሉ ሐጂ።

ጠበቃው ከውሳኔው የመጨረሻ ገጽ ላይ ያነብላቸዋል፤ «የክርክሩን ወጪና ኪሣራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ።»

ችሎት ደጃፍ የዋለ ነጋዴ ሁሉ ይህችን ሐረግ ያውቃታል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የውሳኔ ቅጾች ውስጥ ከመዝገብ መዝገብ ሳትሰለች ትመላለሳለች። ለዓይን ጨዋ ሐረግ ናት። «ተቻቻሉ» ማለት በቤታችንም በእድራችንም የምንወደው ቃል ነው። በገበያ ቋንቋ ስትተረጎም ግን ሌላ ትሆናለች፤ የረታውም የተረታውም ኪሱን ራሱ ይዳብስ ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ የሚጠይቀው ጥያቄም ይኸው ነው። ይግባኙ ወድቆ ሳለ፣ ያለ ጥፋቱ እስከ አዲስ አበባ የተጎተተው ሰው የከፈለውን ማን ይመልስለት?

በቅድሚያ ሕጉ ምን ይላል? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 462 ጉዳዩን ለዳኛው ይተወዋል። የክርክሩን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ከየትኛው ንብረት እንደሚከፈልና ምን ያህል እንደሚከፈል የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 463 ደግሞ ወጪ የተፈረደለት ወገን ያወጣውን ዘርዝሮ ለፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ ይላል። ከዚህ የመነጩ ሦስት ዓይነት ትእዛዞችን በየችሎቱ እንሰማለን። አንደኛው «ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል» ይላል። ሁለተኛው «በቁርጥ ብር ይህን ያህል ይክፈል» ይላል። ሦስተኛው ያችው «ይቻቻሉ» ናት።

ከሦስቱ ለነጋዴ የሚበጀው የመጀመሪያው ነው። ብዙው ነጋዴ ግን አይጠቀምበትም። ለምን ቢባል ደረሰኝ የለውማ! ከገለምሶ በዶልፊን መጣ፤ ለሾፌሩ ረዳት ከፈለ፤ ረዳቱ ደረሰኝ አይሰጥም። ጭሮ አልጋ ይዞ አደረ፤ ደረሰኝ አልጠየቀም። ለጠበቃው በእጁ ቆጥሮ ሰጠው፤ ውሉ በቃል ነው። በመጨረሻ «ዝርዝር አቅርብ» ሲባል ራሱን ያካል። ይህን ጥፋት በፍርድ ቤት ላይ መለጠፍ አይቻልም።

በቁርጥ የሚወሰነው ደግሞ የዳኛው ግምት ነው። ፈጣን መሆኑ ደግ ነው፤ ሌላ ክርክር አይወልድም። ክፋቱ ከገበያው ኋላ መቅረቱ ነው። የጠበቃ ዋጋ፣ የትራንስፖርት ዋጋ፣ የአልጋ ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ፣ ቁርጡ ከድሮ መዝገብ የተቀዳ የሚመስልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ሐጂ እንመለስና ሒሳቡን በወረቀት ላይ እናስፍር። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካቸው። ክርክሩ ከክሱ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ፈጀ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 መሠረት ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። 800 ሺህ ብር በዓመት 72 ሺህ፣ በሦስት ዓመት 216 ሺህ ብር ወለድ ያስገኛል። ደህና። ሐጂ ምን አወጡ? ለመጀመሪያው ክርክር ጠበቃ የዕዳውን አንድ አሥረኛ፣ 80 ሺህ። ለይግባኙ 40 ሺህ። ለሰበሩ 50 ሺህ። ለትርጉም 15 ሺህ። ለመንገድ፣ ለአልጋና ለምግብ 25 ሺህ። ድምሩ 210 ሺህ ብር ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 10 ሺህ ብር በቁርጥ ወስኖላቸው ነበር፤ ይግባኙና ሰበሩ ግን «ይቻቻሉ» ብለዋል። እንግዲህ ሐጂ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘባቸው በሰው እጅ ከርሞ፣ ሦስት ጊዜ ረትተው፣ ከዋናው ገንዘብ በላይ እጃቸው የገባው 16 ሺህ ብር ነው። ባለፉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ የት እንደነበር ነጋዴ አይነገረውም፤ በ2014 ዓ.ም. ብቻ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ወጣ። ሐጂ ያስረከቡት ቡና ነው። የተመለሰላቸው ብር ያንን ቡና ዳግመኛ አይገዛም።

አሁን ደግሞ በተረታው ሰው ወንበር ላይ እንቀመጥ። ይህኛው ሒሳብ ነው የሚያስደነግጠው። ባለዕዳው ያንኑ 800 ሺህ ብር ከባንክ ቢበደር፣ ወለዱ 17 በመቶ ቢሆን፣ በዓመት 136 ሺህ፣ በሦስት ዓመት 408 ሺህ ብር ይከፍል ነበር። ያውም መያዣ ቤት አስይዞ፣ ለብድር ኃላፊው ደጅ ጠንቶ። በፍርድ ቤት በኩል የ«ተበደረው» ግን 216 ሺህ ብር ብቻ ነው ያስከፈለው። ልዩነቱ 192 ሺህ። ከዚህ ላይ ለራሱ ጠበቃ 60 ሺህ፣ በቁርጥ የተፈረደበትን 10 ሺህ ቀንሱ። ባለዕዳው ሦስት ጊዜ ተረትቶ 122 ሺህ ብር ተርፎታል። ይግባኝ ማለት ለእንዲህ ያለው ሰው ስህተትን ማሳረሚያ መሆኑ ቀርቶ ያለ መያዣ የሚገኝ ርካሽ ብድር ይሆናል! «ይቻቻሉ» የምትለዋ ቃልም የዚህ ብድር ድጎማ ናት።

አንዳንዱ ባለዕዳ በእውነት ተበድያለሁ ብሎ ይግባኝ እንደሚል እናውቃለን። ዳኛም ሰው ነው፤ ይሳሳታል። ይግባኝ ባይኖር ከሁላችን በፊት የሚያለቅሰው ነጋዴው ነው። የምናወራው ግን ዕዳውን ሳይክድ፣ ፊርማውን ሳይክድ፣ ቀን ለመግዛት ብቻ ስለሚሄደው ነው። በየከተማው ስሙ ይታወቃል፤ እኛ አንጠራውም።

ለመሆኑ ተረቺ ይክፈል የሚለው አሳብ ከውጭ የመጣ ነውን? አይደለም። አያቶቻችን ሲሟገቱ ይወራረዱ ነበር። «በበቅሎ»፣ «በፈረስ»፣ «በማር» እያለ ሙግተኛው በዳኛው ፊት ውርርዱን ይጥላል። የተረታ ውርርዱን ይከፍላል። የማሩ ገንቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ዳኛው ቤት እንጂ ረቺው ቤት አልነበረም፤ ይህ አንድ ጉድለቱ ነው። ቢሆንም ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት «ብረታስ?» ብሎ እንዲያስብ ያደርገው ነበር። ዛሬም ለፍርድ ቤት የምንከፍለውን ገንዘብ «ዳኝነት» የምንለው ከዚያው ዘመን ተርፎ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው አብረው የሚሄዱበት ቁራኛ ቀርቷል፤ ኪሣራው ግን አሁንም ሁለቱን አቆራኝቷል።

አሰበ ተፈሪን የመሠረቷት የጨርጨር ገዥ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ጨርጨር በሥርዓት ለሚተዳደር አውራጃ ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች ምድር ነበረች። ሕግ ጽፎ ያስተዳድር የነበረ ሰው የቆረቆራት ከተማ፣ ዛሬ ነጋዴዋ በሕግ ረትቶ በሒሳብ ሲከስር ማየት ትንሽ ያስገርማል።

የምዕራብ ሐረርጌን ነጋዴ ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ርቀቱና ቋንቋው ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ነጋዴው ግን ሁሉም ጭሮ አይኖርም። አንዱ መቻራ ነው፤ አንዱ ገለምሶ ነው፤ አንዱ ሂርና፣ አንዱ ሚኤሶ ከብት ገበያ ነው። ለመቻራ ሰው ጭሮ መድረስ ራሱ ጉዞ ነው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ክርክሩ በአፋን ኦሮሞ ይካሄዳል። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ሰበር ሲወጣ መዝገቡ ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነውና። ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክር ቃሉ፣ ውሳኔው በየገጹ ይቆጠራል። በዚህ ላይ የክልል ፈቃድ ብቻ ያለው የጭሮ ጠበቃ ፌዴራል ፍርድ ቤት መቆም ስለማይችል የፌዴራል ፈቃድ ያለው ሌላ ጠበቃ ይቀጠራል። አዲሱ ጠበቃ መዝገቡን ከሀ ጀምሮ ያነባል፤ ለማንበቡም ያስከፍላል። እነዚህ ሁሉ የክርክር ወጪዎች ናቸው። «በቁርጥ» ሲባል ግን ማን ይቆጥራቸዋል? የአዲስ አበባ ነጋዴ ልደታ ደርሶ ለምሳ መርካቶ ይመለሳል። ለሁለቱም አንድ ቁርጥ መወሰን እኩልነት ሊመስል ይችላል። ለገለምሶው ግን ዕዳ ነው።

ደላላውንም አንርሳ። በሐረርጌ ገበያ የቡናውም የጫቱም የከብቱም ግብይት ግማሹ በደላላ ቃል ይቆማል። ጠብ ሲነሳ የመጀመሪያው ምስክር ደላላው ነው። መጥሪያ ይደርሰዋል፤ ገበያውን ዘግቶ ይመጣል፤ ዳኛው ሌላ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል፤ ይቀጠራል። ሁለተኛ ይመጣል፤ ተከሳሽ ጠበቃዬ ታመመ ይላል፤ ይቀጠራል። ሕጉ ምስክር የጠራ ወገን የምስክሩን ወጪ እንዲሸፍን ያስባል፤ በቀጠሮ ያጓተተውንም ሰው ፍርድ ቤት የቀጠሮ ኪሣራ ሊያስከፍለው ይችላል። ጠያቂ ግን ጥቂት ነው። ጠበቃው ዳኛውን አላስቀይምም ብሎ ዝም ይላል፤ ደላላውም «ለወዳጄ ብዬ ነው» ብሎ ይተወዋል። የደላላ የአንድ ቀን ገበያ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የይግባኙን ደጃፍ በተመለከተ አንድ የማይወሳ ደግ ነገር አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኝ ባዩን ብቻ ሰምቶ፣ የሥር ውሳኔው ትክክል ሆኖ ካገኘው፣ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይግባኙን እንዲሠርዝ ይፈቅዳል። በሰበርም በኩል ጉዳዩ በመጀመሪያ «ያስቀርባል አያስቀርብም» ተብሎ ይጣራል። በዚህ በር ላይ የወደቀ ይግባኝ ለረቺው አንዲት ሳንቲም አያስወጣውም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ይግባኝ እንደተባለበት እንኳን ሳያውቅ ያልፋል። ኪሣራው የሚጀምረው «ያስቀርባል» ከተባለ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህችን በር አጥብቆ የሚጠብቅ ዳኛ ስለ ኪሣራ አንድ ቃል ሳይናገር የብዙ ነጋዴ ገንዘብ ያድናል። ላላ አድርጎ የሚከፍታት ደግሞ በመጨረሻ «ይቻቻሉ» ሲል የራሱን ጥርጣሬ ዋጋ ረቺውን ያስከፍለዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰበብ «ጉዳዩ አከራካሪ ስለነበር» የሚል ነው። ለማን ነው አከራካሪ የነበረው? ሐጂ አልተከራከሩም፤ ቡናቸውን አስረክበው ገንዘባቸውን ነው የጠየቁት።

በሌላው ዓለምስ? እንግሊዞች በመደበኛ ፍርድ ቤቶቻቸው የተረታ የረቺውን ወጪ ይክፈል ይላሉ። አሜሪካኖች ለየራሳቸው ጠበቃ ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ሕግ ወይም ውል ሌላ ካላለ በቀር። እንግሊዞችም ቢሆኑ የግብር ይግባኝ በሚሰሙ ጉባኤዎቻቸው ዘንድ እንደ ደንቡ እያንዳንዱ የራሱን ይችላል፤ ያለአግባብ ያስቸገረ ሲኖር ብቻ ይከፍላል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ትንሹ ሰው የመንግሥትን ጠበቃ ዋጋ ፈርቶ ከይግባኝ እንዳይቀር ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንድ ሕግ ነው። የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ የተዋሰው ከ1908 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሕንድ ሕግ ነውና። ያ ሕግ በክፍል 35 ወጪውን ልክ እንደ እኛው ለዳኛው ሥልጣን ይተውና አንዲት ነገር ይጨምራል፤ ዳኛው ወጪው ውጤቱን አይከተልም ካለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስፍር ይላል። ይህ ጸሐፊ ከሁሉም የምትበልጥበት ይህች ናት። ዳኞቻችን «ይቻቻሉ» ማለታቸው አይደለም የሚከፋው። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ ሁለቱም ወገኖች አጥፍተው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሕጉ በእውነት ያልጠራ፣ ሰበሩም ያን ጊዜ ገና የሚተረጉመው ሊሆን ይችላል። የሚከፋው «ስለምን?» ለሚል ሰው መልስ አለመኖሩ ነው። ባለ አሥር ገጽ ውሳኔ ስለ ፍሬ ነገሩ ተንትኖ ስለ ሐጂ 200 ሺህ ብር አራት ቃል ብቻ ይበቃዋልን?

እዚህ ላይ የግብር ይግባኝን ጉዳይ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ ከንግድ ክርክር ጋር ማደባለቅ አይገባም። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደተደነገገው፣ በግብር ስሌት ቅር የተሰኘ ሰው በመጀመሪያ ለራሱ ለባለሥልጣኑ ቅሬታ ያቀርባል። እዚያ ካልረካ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል። ነገር ግን ይግባኙ እንዲከፈትለት ከተከራከረበት ግብር ግማሹን፣ 50 በመቶውን፣ አስቀድሞ መክፈል አለበት። ስሌቱ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙም የግብር ከፋዩ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ አውጥተዋልና የጭሮ ነጋዴ የሚያነበው የኦሮሚያውን ነው፤ ቁጥሩንና ቀኑን ከዚያው ያረጋግጥ። በግብር ክርክር ውስጥ ግን ዋናው ኪሣራ የጠበቃ ገንዘብ አይደለም። የታሰረው ግማሽ ነው። ለአንድ መካከለኛ ሱቅ ግማሹ ግብር ማለት የበዓል ዕቃ ማስመጫው ነው።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የሆነው ትዝ ይለናል። በያኔው አጠራር ደረጃ «ሐ» የተባሉት፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴዎች የዕለት ገቢ ግምት ሲለጠፍላቸው ጩኸቱ አገር አዳረሰ። አምቦና ወሊሶ ላይ ሱቆች ተዘጉ። አብዛኛው ቅሬታ ኮሚሽንም ፍርድ ቤትም አልደረሰም። ለምን ቢባል ገማቹን በይግባኝ መሞገት ለባለ ትንሽ ሱቅ ከግምቱ የበለጠ ያስወጣዋልና። ሱቅ መዝጋት ከይግባኝ የረከሰበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ተረቺ ይክፈል የሚለውን ደንብ በግብሩ በኩል ሳያላምጡ መዋጥ አደጋ አለው። ሚዛኑ እኩል አይደለምና። መሥሪያ ቤቱ የወር ደሞዝተኛ የሕግ ባለሙያ አለው፤ ቢረታም ቢረታበትም ደሞዙ አይቀርም። ባለሱቁ ግን በየቀጠሮው ሱቁን ይዘጋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በቅን ልቦና ይግባኝ ብሎ የተረታ ግብር ከፋይ የመንግሥትን ወጪ ሊሸከም አይገባም፤ የራሱ ይበቃዋል። በተገላቢጦሽ ግን ግምቱ መሠረተ ቢስ ሆኖ የተሻረበት መሥሪያ ቤት የነጋዴውን ወጪ ይክፈል። ይህ አድልዎ ነው የሚል ይኖራል። አዎን፣ አድልዎ ነው። ግማሹን አስቀድሞ ያስያዘው ማን ሆነና!

የነጋዴ ለነጋዴ ክርክር ሲሆን ይህ ርኅራኄ አያስፈልግም። ሁለቱም ሚዛን የሚያውቁ፣ ትርፍና ኪሣራ የሚያሰሉ ናቸው። እዚያ ረቺው በእያንዳንዱ ደረጃ ወጪውን ማግኘት አለበት። «ይግባኝ ሰዎችን ያስፈራል» የሚለው ሙግት እዚህ አይሠራም፤ ለማዘግየት የሚሄደውን ማስፈራቱ ነው የሚፈለገው። በእውነት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ በደሃ ደንብ የሚገባበት በር በሕጉ ተከፍቶለታል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ለምን ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ? ሽማግሌ አለ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። በጨርጨር የጃርሱማ ወግ ከፍርድ ቤት ቀድሞ የነበረ ነው፤ ኦሮሚያም በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥቷል። የጎረቤት ጠብ፣ የድንበር ጠብ፣ ትንሽ ዕዳ በዚያ ቢያልቅ ለሁሉም ይቀላል። ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ግን የሚያፍር ሰው ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ መጥቶ ቡና ጭኖ የሄደ፣ ስልኩን የቀየረ ሰው የበዴሳ ሽማግሌ ፊት ምን ያሳፍረዋል? ለእርሱ የሚያሳፍረው ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ነጋዴው ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የሚችለው አለ፤ የማንንም ሕግ መሻሻል አይጠብቅም። ከጠበቃ ጋር ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ለየደረጃው ስንት እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፤ ሲከፈል ደረሰኝ ይቆረጥ። የትርጉም ቤቱ ደረሰኝ፣ የአልጋው ደረሰኝ፣ የአውቶቡስ ቲኬቱ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። በክሱ ላይ፣ በይግባኙ መልስ ላይ፣ በሰበሩም መልስ ላይ «ወጪና ኪሣራ ይወሰንልኝ» የሚለው ዳኝነት በግልጽ ይጠየቅ፤ ጠበቃው ረስቶት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ተቃራኒው ወገን ቀጠሮ ሲያስለውጥ የቀጠሮ ኪሣራ በዚያው ቀን፣ በዚያው ችሎት ይጠየቅ፤ ዳኛ አይቆጣም፣ ቢቆጣም ያልፋል። «ዝርዝር የማቅረብ መብት ተጠብቋል» ከተባለም ደስታው ሳያዘናጋ ዝርዝሩ በቶሎ ይቅረብ።

ከሁሉም በፊት ግን የሽያጭ ውሉ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ተዋዋዮች ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለውን ገደብ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ዘጠኝ በመቶው አይበቃንም የምትሉ ሁሉ መንገዱ ይኸው ነው። ክርክር ቢነሳ የረቺውን የጠበቃ፣ የትርጉምና የጉዞ ወጪ በየደረጃው ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ መጻፍም ይቻላል። ዳኛው ቁርጡን ሲገምት ቢያንስ የሚያየው ወረቀት ይኖረዋል። ባለዕዳውም ከይግባኙ በፊት የሚያሰላው ሒሳብ ይለወጣል፤ 122 ሺህ ብር የሚያተርፈው መንገድ ሲዘጋ ሰበር ድረስ የሚሄድበት ምክንያት ያንሳል። ደላላውም «ውል ጻፉ» ቢል ኮሚሽኑ አይቀርበትም፤ እንዲያውም ሁለት ቀን ችሎት ከመዋል ይድናል።

መጪው የቡና ወቅት ሳይደርስ ያለፈውን ዓመት ውላችሁን ከመሳቢያ አውጥታችሁ ተመልከቱት። ስለ ክርክር ወጪ የሚናገር መስመር ከሌለበት፣ ከፊርማው በላይ ቦታ አይጠፋም።